ሣር ታቅፎ የመጣው

የሱሉልታ ጉም ጠዋት ጠዋት የአባቴን አጥር ይውጠዋል። ባሌን ቲቶን ትቼ ወደ አባቴ ቤት ከመጣሁ ወዲህ ከዚያ ጉም ውስጥ ሽማግሌዎች ሲወጡ አያለሁ። እርጥብ ሣር ይዘው፣ «ልጃችንን ልንወስድ መጣን» ሊሉ በሩ ላይ ይቆማሉ። ጉሙ ሲገፈፍ ባሕር ዛፍ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

በእኛ ዘንድ ሚስት ተቀይማ አባቷ ቤት ከገባች ባል የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር አስይዞ ሽማግሌ ይልካል። ራሱ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው።

ቲቶ ሰበታ ላይ ቴሌቪዥን ይጠግናል። አይመታም፣ አይሳደብም። ብቻ ሲያኮርፍ የሚያወራው ከድመቷ ጋር ነው። «ሚሚ፣ ወጡ ጨው አንሶታል በያት» ይላል። መጀመሪያ እስቅ ነበር። ክረምት ከበጋ በድመት በኩል ሲያናግረኝ ግን መኖሬን ራሱ መጠራጠር ጀመርኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን እጠራ ነበር፤ ድንቅቱ፣ ድንቅቱ። ይህንን ለሰው ብነግር ማን ያምነኛል? ምንም ሳልል ወጣሁ።

በሽማግሌ ፈንታ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። «ሚስቴ ቤቴን ጥላ ጠፍታለች» ብሎ ፍቺ ጠይቋል። እንዴት እንደበገንኩ! ደጅ ደጁን ሳይ የከረምኩት እኔ! ንብረቱ ገደል ይግባ፤ ባሏን ጥላ የጠፋች መባልን ግን አልችለውም።

ሰበታ ችሎት ፊት ስንቆም ዳኛዋ ጠየቁት።

«ሊመልሷት ሞክረዋል?»

«ሄጃለሁ» አለ ቲቶ። «አገሬ ሩቅ ነው፤ የምልከው ሽማግሌ የለኝም። በቡራዩ ዞሬ ንጋት ላይ ሱሉልታ ደረስኩ። ሣር ይያዛል ሲሉ ሰምቼ ሣር ነጭቼ በሩ ላይ ቆምኩ። በመስኮት አየችኝ። አልወጣችም።»

ያን ጠዋት አስታወስኩት። ጉም ውስጥ ቲቶ ብቻውን፣ ሣር ታቅፎ። ባል ራሱ ስለማይመጣ ሕልም ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ለአባቴ ለኦቦ ጎበና ስነግረው፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ በሕልም የመጣ ባል አይቆጠርም» ብሎ ሳቀብኝ። በሩ ላይ ግን ላማችን ከየት እንደመጣ ያላወቅነውን ሣር ታኝክ ነበር።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

አላየሁትም ብል ማንም አይመሰክርብኝም፤ ከሃዲው እሱ ይሆናል። ግን ያንን ሣር የታቀፈ ሰው እንዴት ልካደው? አሳዘነኝ። እዚያው ችሎት ፊት እንደ ድሮው ወደድኩት።

«መጥቷል» አልኩ። «ሕልም መስሎኝ ነው ያልወጣሁት።» ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ። «ቲቶ፣ ለምን ድንቅቱ ብለህ አልጠራኸኝም? ብትጠራኝ እየሮጥኩ እወጣ ነበር።»

በችሎቱ መስኮት የፋብሪካ ጭስ ቀስ እያለ ከደመናው ጋር ሲቀላቀል ይታየኛል። አሁን እንኳ ስሜን ቢጠራኝ ክንዱን ይዤ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር። ጠበቅኩት።

ቲቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ዳኛዋን አየ።

«ወጥታ ብታናግረኝ ምን ነበረበት? እስቲ እርስዎ ይጠይቁልኝ» አለ።

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ክብርት ዳኛ፣ አልከዳኝም፤ ያንን ይጻፉለት» አልኩ። «ፍቺውን ግን እኔም እፈልገዋለሁ።»