ዝም ያለው ሆድ

ወጣቱ ሐኪም ማዳመጫውን ከባዩሚ ሆድ ላይ አንስቶ፣ "እሺ ኡስታ ባዩሚ፣ አየር ወጣ?" አለው።

በክፍሉ በየአልጋው ያሉት በሽተኞችና ጠያቂዎቻቸው ጆሮአቸውን ቀሰሩ። ባዩሚ ኡስታ፣ ማለትም ሾፌር፣ ሆኖ ዕድሜውን በሙሉ በሚኒባሱ የግብጿን የታንታ ከተማ መንገድ ሲያተራምስ ኖሮ ማንም እንዴት አደርክ ብሎት አያውቅም፤ ዛሬ ግን ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ አማቱ ሳይቀሩ አንዲት ፈሱን በስልክ ይጠባበቃሉ።

"ገና ነው" አለች ሚስቱ ኢንሳፍ በእሱ ፋንታ።

አንጀቱን ቆርጠው ከሰፉለት ወዲህ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ሐኪሙ አስረድቷታል። የተነካካ አንጀት ያንቀላፋል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይነቃል፣ መንቃቱም በሚወጣው አየር ይታወቃል። ቀዶ ጥገናው ከረዘመ፣ ሰውየው ተኝቶ ከዋለ፣ በተለይ ደግሞ ጠንካራ ማስታገሻ ከወሰደ እንቅልፉ ይከብዳል። ለዚህ ብለው ማስታገሻውን ካቆሙለት ሰንብቷል።

"እስከ ነገ አንጀቱ ካልነቃ ራጅ እናነሳለን። ምናልባት ድጋሚ መክፈት ሊኖርብን ይችላል" አለ ሐኪሙ፤ ወደ ኢንሳፍም ዞሮ እንደ አገሩ ልማድ በልጇ ስም ጠራት። "እቤት የሚወስደው መድኃኒት የለም ብለሽኛል አይደል፣ የሻይማ እናት?"

"ከሻይ ሌላ ምንም።"

ውሸቱ ከአፏ የወጣው እንደ ሰላምታ ነው። ሾፌር ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ሲወስድ ከተገኘ መንጃ ፈቃዱ ይሄዳል፤ ፈቃዱን ተከትሎ የቤቱ ዳቦ ይሄዳል።

ከቀትር በኋላ ሚኒባሱን በፈረቃ የሚነዳለት ፋትሂ በሩዝ የተሞላ እርግብ ይዞ መጣ። በሽተኛው መብላት እንደማይችል ሲነገረው፣ ምግብ መመለስ ነውር ነው ብሎ እግርጌ ተቀምጦ ራሱ በላው።

"ጎማ እንኳ ሲነፋ መተንፈሻ አለው፣ ኡስታ። አንተን ምን ነካህ?"

ክፍሉ ሳቀ። ባዩሚ ቁስሉን ይዞ አቃሰተ። ኢንሳፍ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ፋትሂ ሲሰናበት የባዩሚን ግንባር ሳመ፤ ያን ጊዜ የፋትሂ እጅ ትራሱ ስር ገብቶ ሲወጣ አየች። ሄዶ እስኪርቅ ጠብቃ ፈተሸች። ሁለት የክኒን ማሸጊያ አገኘች፤ አንዱ አዲስ ነው፣ ሌላው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

"እዚህም እየወሰድክ ነው?"

"ያመኛል፣ ኢንሳፍ። እነሱ እንደሁ ከለከሉኝ።"

"ሆድህ እኮ የተኛው በዚህ ነው።"

"ብትናገሪ ፈቃዴን ይወስዱታል። ከዚያ ምን ልንበላ ነው?"

"አሁንስ ምን እየበላህ ነው?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኢንሳፍ ንዴት ወይም እንባ ይመጣብኛል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ትዝ ያላት እቤቷ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ያልተነሳ ልብስ እንዳለ ብቻ ነው።

ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። እዚያ ሆስፒታል የተጣጠፈ ገንዘብ ኪስ ውስጥ ካልገባ አንሶላ እንኳ አይቀየርም፤ እጇ መንገዱን ያውቀዋል። የያዘችውን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ሐኪሙ ቀልቶ ወደኋላ አለ። "ኧረ የሻይማ እናት፣ እኔ ጉርሻ አልቀበልም። ለራስሽ ያዢው።"

ሊመልስላት አወጣው። የክኒኑን ማሸጊያ አየው፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

"ከሻይ ሌላ ይሄንን ይወስዳል" አለች። "ዛሬም ወስዷል።"