የዱሬቲ አርባ ዘጠኝ

ዱሬቲን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ኢንስፔክሽኑን አማርራለሁ፣ ዳይሬክተሩን አማርራለሁ፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው።

አዳማ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሥዕል አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ማለት እንግዲህ ወግ ነው። በሳምንት ያለችኝን አንዲት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ይበላታል። የኔ እውነተኛ ሥራ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ልብና ጉበት፣ ካርታና አንጀት መሣል ነው። ኢንስፔክሽን በመጣ ቁጥር መምህሩ ሁሉ "መሰለች፣ የኔስ?" እያለ ይሰለፋል። የዳይሬክተሩ በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ እንኳ በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ "በአንድም ትምህርት ከሃምሳ በታች ያመጣ ተማሪ ለማንኛውም ሥራ ከክፍል አይወጣም።" አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ እጄም ዛለ፣ እኔም መረረኝ።

ዘንድሮ ዱሬቲ መጣች። የወንጂ ልጅ ናት፣ አባቷ ሸንኮራ ቆራጭ ነው። እናቷ ልብስ ስታጥብ ሣለቻት፤ ሳየው የኔ ወገብ አመመኝ። ወዲያው ዳይሬክተራችን አቶ ባጫ ቢሮ ይዣት ገባሁና "ይቺ ልጅ ከኔ ትበልጣለች" አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ተሰጥኦዋን ላሳይላት ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ፣ እኔ ማረፍ ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ የመርጃ መሣሪያ ክፍል አስገቧት። ልጆች ገብተው ቀለም እንዳይደፉ ዘበኛው ኦቦ ጉርሜሳ በሩን ከውጭ ይቆልፋሉ። ለምሳ ይከፍቱላታል፣ መልሰው ይቆልፉባታል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ዋለች። ለሚኒስትሪ ፈተና አንድ ወር ቀርቷል፤ በሞዴሉ ሒሳብ ሠላሳ አንድ አመጣች፤ ሞዴል ግን ማርክ ሊስት ላይ ስለማይሞላ ለማስታወቂያው አይቆጠርላትም። ከወደቀች አባቷ ትምህርቱን አስትቶ ሻሸመኔ፣ አክስቷ ሱቅ ሊልካት ቆርጧል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቀችኝ። ልብ ስትሥል ስለዋለች ጣቶቿ ቀይ ናቸው።

"ቲቸር፣ በሥዕል ይጣሉኝ" አለችኝ።

"ምን አልሽ?"

"አርባ ዘጠኝ ይበቃኛል። ማስታወቂያው ከሃምሳ በታች ነው የሚለው።"

ደሜ ፈላ። "በዚህ ትምህርት ቤት መቶ የሰጠሁት ላንቺ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማ። ሂጂ ከፊቴ።"

አንገቷን ደፍታ ሄደች። ቁልፉ ሲዞርባት እዚያው ቆሜ ሰማሁት።

ተማሪ ሁሉ ከተለቀቀ በኋላ ያለቀውን ልብ ልወስድ ገባሁ። ጆንያውን ስገለብጠው ጀርባው በእርሳስ ተሞልቷል። ሦስት ኤክስ ሲደመር ሰባት ይልና ይቆማል። አምስት ኤክስ ሲቀነስ ሁለት ይልና ይቆማል። አንዱም መልስ የለውም። ምን ጉድ ነው ብዬ ቀና ስል መስኮቱን አየሁ። ከዚያ ማዶ የክፍሏ ሰሌዳ ይታያል፣ የግራው ግማሽ ብቻ። የቀረውን ግድግዳው ይከልለዋል። የታያትን ያህል እየገለበጠች ነበር የምትማረው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጠዋት አቶ ባጫን "ዱሬቲ ክፍሏ ትግባ፣ እኔ እሠራዋለሁ" አልኳቸው። ገባሁ። ኦቦ ጉርሜሳ ለምዶባቸው ቆለፉብኝ። ቀትር ላይ አቶ ባጫ አስከፍተው መጡና የሣልኩትን ጉበት ከሷ ልብ ጎን አስደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መሰለች፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የልጅቷ ይሻላል። ነገ ትመለስ። ኢንስፔክሽኑ ቢያልፍም ለወላጆች ቀን እንፈልጋታለን።"

ልክ ናቸው፤ የሷ ይሻላል። ያኔ ነው የገባኝ። ጎበዝ እስከሆነች ድረስ አይለቋትም።

"ልጅቷ ሥዕል አትችልም" አልኩ። "ሁሉንም የማስተካክልላት እኔ ነበርኩ።"

"ታዲያ ያንቺ ለምን እንዲህ ሆነ?"

"ዛሬ እጄ ዝሎ ነው።"

"መቶ ሰጥተሻት የለም እንዴ?"

"አዝኜላት ነው።"

ማርክ ሊስቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ እፊታቸው መቶውን ሰረዝኩና አርባ ዘጠኝ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። የገዛ ልጄን በጥፊ የመታሁ ያህል ተሰማኝ። ማስታወቂያውን ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸውና "እንግዲያ ክፍሏ ትቆይ" ብለው ወጡ።

ዓርብ ውጤት ሲለጠፍ ልጆቹ "ዱሬቲ በሥዕል ወደቀች" እያሉ ሳቁባት። እሷ ግርግሩን ጥሳ እኔ ዘንድ መጣች።

"ገለቶማ፣ ቲቸር" አለችኝ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ጣልኳት ያመሰገነችኝ ተማሪ እሷ ብቻ ነች። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ስለነበረ ሮጣ ሄደች። እኔም ወደ ጆንያዬ ተመለስኩ፣ ኦቦ ጉርሜሳም ቆለፉብኝ። በመስኮቱ ግማሹ ሰሌዳ ይታየኛል። ዱሬቲ የምትቀመጠው በማይታየው በኩል ነው።