አፍንጫ መጎርጎር የተከለከለበት ፖስታ ቤት

«እማ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?»

ልጄ ዌስሊ ይህን ሲጠይቀኝ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ጣቱን የፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ቀስሯል፤ የሌላ እጁ ጣት አፍንጫው ውስጥ ነው። እኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ሰልፉ ላይ ደግሞ ሰው አለ።

«አፍንጫ መጎርጎር ክልክል ነው ይላል» አልኩት።

ጣቱን ቶሎ አወጣ። ከመስኮቱ ጀርባ የነበሩት የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሚስተር ዴልማር ሃትቺንስ ቀና ብለው አዩኝ። በማግስቱ ስመለስ ግን በወረቀቱ ቦታ ሌላ ተለጥፎ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሚስተር ሃትቺንስ ደብዳቤዬን ሲሰጡኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አፍንጫ መጎርጎር ክልክል ነው ይላል። ልጅሽ ፊደል የቆጠረ ቀን ውሸታም እንዳትባዪ ብዬ ነው» አሉኝ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ከዘጋን በኋላ ነይና ፊደል ላስቆጥርሽ። ባለቤቴ ሎሬታም አብራን ትሆናለች።»

ሦስት ዓመት ሄድኩ። ዌስሊን ፖስታ ቤቱን ላጸዳ ነው እለው ነበር።

ሚስተር ሃትቺንስ ያረፉት አምና ነው። ፖስታ ቤቱ በስማቸው ይጠራ ብለን ቤት ለቤት ዞረን ፊርማ አሰባሰብን። ጥያቄያችን ዋሽንግተን፣ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ፣ ሕግ ሆኖ ወጥቶ ተመለሰ። የተላከልን ግን ከትሪ የማትበልጥ የነሐስ ሰሌዳ ናት።

«ደጁ ላይ ስማቸው አይጻፍም እንዴ?» ብሎ ጎረቤቴ ቨርን አኮረፈ።

«ደጁ ላይ ቢጻፍማ ዴልማር ከመቃብር ተነስቶ፣ መሰላል አምጥቶ ይፍቀው ነበር» አለችው ሎሬታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በምረቃው ቀን ሰሌዳዋን የምታነቢው አንቺ ነሽ፣ ዶሪን።»

«ኧረ ሎሬታ! ዌስሊ ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ። ኬክ አለ።»

ዌስሊ አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ኦማሃ ከተማ ያስተምራል። እናቱ ማንበብ የማትችልበት ጊዜ እንደነበረ አያውቅም። ሰው ፊት ሳነብ ደግሞ ፊደሎቹ ይጠፉብኛል። ልጄ መምህር ሆኖ እኔ ስንተባተብ ቢያየኝስ? ስለዚህ ሰሌዳዋ ላይ ይሰፍራል የተባለውን ጽሑፍ ከሎሬታ ተቀብዬ በቃሌ ያዝኩት። ዶሮዎቼ ሳይቀሩ ያውቁታል።

ቀኑ ደረሰና ሎሬታ ሰሌዳዋን የሸፈነውን ጨርቅ ገፈፈች። አየሁት። እኔ የያዝኩት አልነበረም! ዋሽንግተኖች የራሳቸውን ቃል ጽፈዋል። የሚስተር ሃትቺንስ ስም እንኳ ያለው መጨረሻ ላይ ነው።

ፊደሎቹ ጠፉብኝ። ፎቶ አንሺዎች አስከትላ ከዋሽንግተን የመጣችው የምክር ቤት አባል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ላንብብልሽ?» አለችኝ።

«ተዪያት፣ ቀስ ብላ ታንብብ!» አለ ቨርን ከኋላ። «ዴልማር የገናን ካርድ በፋሲካ ሲያመጣልን ማን ተቆጣ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። እንደ ማክሰኞዎቹ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አደረግሁ። «ይህ... ሕንፃ... በሕግ...» አንዱን ረጅም ቃል እንዳስተማሩኝ ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። «ዴልማር ሬይ ሃትቺንስ» ላይ ስደርስ ግን አልቆምኩም።

ዌስሊ መጣና አጠገቤ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እማ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የምትሄጂው ልታጸጂ አልነበረም ማለት ነው?»

«ትንሽ ትንሽ እጠርግ ነበር።»

«የአፍንጫውስ ነገር?»

«እሱ እውነት ነው። ተጽፎ ነበር።»

ሎሬታ ከቦርሳዋ በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነውን የአፍንጫውን ወረቀት አወጣችና ሰጠችው። አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ከሰሌዳዋ ሥር ለጠፈው። የመጀመሪያው ወረቀት ምን ይል እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የምክር ቤት አባሏና ፎቶ አንሺዎቹ ኬኩ ሳይቆረስ ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ እሄዳለሁ ያለው ዌስሊ፣ ፖስታ ቤቱ እስኪዘጋ ከእኛ ጋር ቆየ።