ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን

"እሱን ብቻ እንዳትጽፊ!" አለ ወንድሟ፣ የትምህርት ክፍል መምረጫውን ቅጽ ከፊቷ ላፍ አድርጎ።

"አምጣው ጋሽዬ! ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።"

"ሶፍትዌር ብለሽ አትጽፊማ! ስምንት ዓመት ዓይኔን ያጠፋሁበት ሙያ ነው። አሁን ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአምስት ደቂቃ ዱብ ያደርገዋል። እኔን አላየሽም?"

አይታዋለች። ባለፈው ወር ከሥራ ከተሰናበተ ወዲህ ያኮረፈ ሙሽራ መስሎ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይውላል። አንጀቷን ይበላታል፤ ግን ለእሱ ማዘንና በእሱ ኩርፊያ የራሷን ዕድል መወሰን ለየቅል ነው።

"አንተን ያባረረህ አለቃህ እንጂ ማሽን አይደለም" አለችው ቅጹን ነጥቃ።

የወንድሟ ስልክ ጮኸ። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ሲስተር ናቸው። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላላቸውን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነበር፤ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሰሞኑን በኤአይ አድሶታል። የሲስተር ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ አዲሱ ፕሮግራም ጤነኛ ነው? የአምስት ወሩን ሕፃን ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ብሎ የጎረምሳ መድኃኒት አዘዘለት!"

ወንድሟ ብድግ አለ። "እናቱ አቅፋው ነው የተመዘነው?"

"ታዲያስ! ለብቻው መች ይቆምልኛል?"

"የእናቲቱን የብቻዋን ኪሎስ የት ጻፉት?"

"መጻፊያውን አጥፍተውታል እኮ!"

"እንዳይሰጡት! በእጅዎ ቀንሰው ያስሉት፣ መጣሁ።"

ያኔ ፕሮግራሙን ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እናት ከነልጇ፣ ከዚያ እናት ብቻዋን፤ ልዩነቱ የልጁ ነው። ኤአዩ ለአንድ ልጅ ሁለት ክብደት ሲያይ ድግግሞሽ መስሎት አንዱን ሰርዞታል፤ ሲስተርን የጠየቀ ደግሞ አንድም ሰው የለም።

ወንድሟ ጫማውን ማሰር ጀመረ። "አንድ ሰው እዚያ ቢኖር ኖሮ..." አለ።

"እኔ እኖራለሁ።"

"ያባርሩሻል!"

"ያባርሩኛ! ገና ሳልገባ ግን አልወጣላቸውም።"

እንደተናደደች በመጀመሪያው መስመር ላይ "ሶፍትዌር" ብላ ጻፈች።

"ሁለተኛ ምርጫሽስ?" አላት በሩን ከፍቶ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር ላይ ሰረዝ አሰመረች።

"ይሄን አስገብቼ እመጣለሁ" አለችው። "ሚዛኑ ጋ ጠብቀኝ።"