እሜቴን የሚገዛ

መኪናዋን የሰፈሩ ሰው «እሜቴ» ይላታል። ርዝመቷ ከቆመችበት ክፍል በር እስከ ግድግዳው ነው። ከኋላዋ ሁለት ክንፍ አላት፤ የፊት ወንበሯ ሦስት ሰው አንደላቆ የሚያስቀምጥ ሶፋ ነው፤ ኒኬል ፓራውልቷን ደግሞ አላፊ አግዳሚው ፀጉሩን ያበጥርበታል። ከአሜሪካ በመርከብ ስትመጣ የዛሬዎቹ ጡረተኞች ገና ጎረምሶች ነበሩ። ይህ ሁሉ ጌጥ ነው እንግዲህ፤ ማን ጠላው። ጣጣው የተኛችበት ክፍል ነው። በዚያ ባለ ፎቅ ቤት ከታች ለሰው የሚሆን ክፍል እሱ ብቻ ነው፤ ውሃውም መጸዳጃውም አጠገቡ ነው፤ በሩ ሲከፈት ፀሐይ ይገባዋል። ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ግን ፎቅ ላይ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ደረጃ በላይ፣ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ይኸው ሰባት ወራቸው።

ከሆስፒታል በወጡ ቀን ሐኪሙ ለእናትና ለልጅ እቅጩን ነግሯቸዋል። ስብራቱ አልገጠመም፤ ከአልጋ እስከ ወንበር በምርኩዝ ይሄዱ ይሆናል እንጂ ደረጃ የሚባል ነገር ከእንግዲህ አይታሰብም። አባት በዚያች ሰዓት ውጭ ሆነው እሜቴን ለማስነሳት ይታገሉ ነበር። «ለሱ እኔው እነግረዋለሁ፤ አንቺ አፍሽን ያዢ» አሉ እናት። ልጅ ያዘች። እናት ግን ዛሬ ነገ እያሉ ሳይነግሩ ቀሩ፤ አባትም ዛሬ ድረስ «ክረምቱ ይውጣ እንጂ ትድናለች» ይላሉ።

ልጅቱ አስተማሪ ናት። ስልሳ ተማሪ የታጨቀበትን ክፍል በአንድ ግልምጫ ጸጥ ታሰኛለች። አንድ አባቷን ጸጥ ማሰኘት ግን አቃታት። ቦታ ጠበበን፣ እሜቴ ትሸጥ ብላ ገዢ ማፈላለግ ስትጀምር አባቷ በአፋቸው «ይሁን» ብለው ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ ልብስ ነጋዴ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ገና «ታምራለች» ከማለቱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሹፌርነት ያገለገሉት አባቷ ጀመሩ።

«ማማሩንስ ታምራለች። ቤንዚን ግን አትጠጣም፤ ትታጠብበታለች። ፍሬኗን ዛሬ ብትረግጠው ነገ ነው የምትቆመው። የቀኝ የኋላ መስኮቷ አንዴ ከወረደ፣ እሷ ስትፈቅድ ነው የሚወጣው። ይሄን ክንፍ አየኸው? ግማሹ ቆርቆሮ አይደለም፣ የተለሰነ ስቱኮ ነው።»

ነጋዴው ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋና «እደውላለሁ» ብሎ ወጣ። እስካሁን እየደወለ ነው።

ሁለተኛውን በማርሚታዋ ጩኸት አስደነገጡት። ሦስተኛውን ወለሉ ሥር ያለውን ዝገት በእጁ አስዳሰሱት። አራተኛው ሳይጠይቃቸው ስለ መለዋወጫ እጦት ግማሽ ሰዓት አወሩለት። ልጅቱ ስትቆጣ «ምነው፣ እውነት መናገር ነውር ሆነ? ሰው ላጭበርብር?» ይሏታል። በሳምንቱ ደግሞ «ዘንድሮ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ጠፋ» ብለው ያማርራሉ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄ ነው።

ቆሽቷ አረረ። ባባቷ ብቻ ቢሆን ደግ፤ በናቷም ነው። «እማዬ፣ ንገሪውና እንገላገል» ስትል፣ እናት ወደ መስኮቱ ዞረው «ነገ» ይላሉ። የሚያውቁት አይናገሩ፣ የሚናገሩት አያውቁ፤ እሷ መሃል ላይ ቆማ ደረጃውን ትወጣለች ትወርዳለች፣ ሳህንና ባልዲ ይዛ።

አምስተኛው ገዢ ፎቶ አንሺ ነበር። ለሙሽራ ፎቶ የምትሆን አሮጌ መኪና ሲፈልግ ከርሞ ነው የመጣው። ከእሜቴ ሩጫ አይፈልግም፤ ውበት ብቻ ነው የሚፈልገው። ልጅቱ ይህን ስትሰማ አባቷን ጥግ ያዘቻቸው። «አባዬ፣ በእናትህ። አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።»

«እሺ» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ፎቶ አንሺው እሜቴን ሦስት ጊዜ ዞራት። ክንፏን ዳበሰ፤ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ሲያዞረው በሁለተኛው ተነሳች። ፊቱ በራ። ከዚያ ወርዶ ወደ አባት ዞረ።

«አባባ፣ ሞተሯ ተከፍቶ ያውቃል?»

አባት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«ፍሬኗስ እንዴት ነው?»

አሁንም ጭጭ። ሰውዬው አንዴ አባትን አንዴ ልጅን እያየ «ለመሆኑ ለምን ትሸጧታላችሁ?» አለ።

«ቦታ ጠቦን ነው» አለች ልጅቱ ፈጠን ብላ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ያልጠበበ ቦታ?» ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። «አትቀየሚኝ እህቴ። ባለቤቱ ስለ ዕቃው አፉን ከለጎመ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።»

እንግዲህ ምን ይባላል? ሲናገሩ ገዢ ይሸሻል፤ ዝም ሲሉ ገዢ ይሸሻል። ልጅቱ ትዕግሥቷ እዚያው አለቀ።

«ተናገር አባዬ። ዝገቱንም ስቱኮውንም፣ የፈለግኸውን ተናገር። ብቻ ትሂድልኝ።»

«ዝም በል ያልሽኝ አንቺ፣ ተናገር የምትዪኝ አንቺ። ደግሞስ ምን አስቸኮለሽ?» አባት የእሜቴን የፊት በር ከፍተው ሶፋውን መታ መታ አደረጉት። «እናትሽ በእግሯ ስትወርድ በምንድነው የማንሸራሽራት? እዚህ ነው የምትቀመጠው። ቦታዋ ነው።»

ልጅቱ ወደ አባቷ አንድ እርምጃ ተጠጋች። ልትናገር ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ሰባት ወር የያዘችውን በአንድ ትንፋሽ ልትዘረግፈው። ያኔ ነው ከላይ ድምፅ የመጣው።

«ልጄ፣ አንተ ፎቶ አንሺው።»

ሦስቱም ወደ ግቢው ወጥተው ቀና አሉ። እናት መስኮቱን በክርናቸው ተደግፈዋል።

«ለምን ትሸጧታላችሁ ብለህ የለ? እኔ ልንገርህ። ዳሌዬ አልገጠመም። ከእንግዲህም አይገጥምም። ሐኪሙ ከሆስፒታል በወጣሁ ቀን ነግሮኛል። ይሄን ደረጃ በእግሬ አልወርድም፤ ቢያወርዱኝም ተሸክመው ነው፣ እሱም ላንዴ። ያ ክፍል ለአልጋዬ ይፈለጋል። የምትሸጠው ለዚህ ነው፤ ሌላ ተንኮል የለውም። ባለቤቴ ይሄን አያውቅም። ዓይን ዓይኑን እያየሁ መናገር አቃተኝ። አሁን ላንተ ስነግርህ ይስማ።»

ፎቶ አንሺው የሚያየው ቢጠፋው ጫማውን አየ። አባት ወደ መስኮቱ ሥር ተጠጉ።

«ሰባት ወር ሙሉ?» አሉ።

«ሰባት ወር ሙሉ።»

«እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ገዢ ሳባርር...»

«አውቃለሁ። እዚህ ሆኜ እሰማህ ነበር።»

«ሰምተሽ ዝም?»

«ደስ ይለኝ ነበራ» አሉ እናት። «እኔ እንኳ ተስፋ ቆርጬ፣ ትወርዳለች ብሎ የሚጠብቀኝ አንድ ሰው ሲኖር።»

አባት ገብተው ቁልፉን ከኮፈኑ ላይ አነሱና በፎቶ አንሺው መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ውሰዳት።»

«አባባ፣ ዋጋ እኮ አልተነጋገርንም። ብርም አልያዝኩም።»

«ነገ ትመጣለህ፤ ነገ እንነጋገራለን። አሁን ውሰዳት። ፍሬኗን ቀደም ብለህ ርገጥ፤ ሞተሯ ግን ደህና ነው፣ በእጄ ነው የያዝኳት። አትጣደፍባት ብቻ።» ስለ እሜቴ ደህና ነገር ሲናገሩ ልጅቱ ገና የዛን ቀን ሰማች።

እሜቴ በኋሊት ማርሽ እያጓራች ከግቢው ወጣች። አባት ቆመው አልሸኟትም፤ መፍቻ ይዘው ደረጃውን ወጡ። ልጅቱ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሰባት ወር የተነጫነጨችው ለዚህ ባዶ ወለል ነበር፤ ደስታው የት እንደገባ እንጃ። መጥረጊያ አነሳች። ከላይ የአልጋው ብሎን ሲፈታ ይሰማታል፤ አባቷ ይጠይቃሉ።

«ራስጌሽ በየት በኩል ይሁን?»

«ፊቴ ወደ በሩ ይሁን» አሉ እናት። «ስትገባ ልይህ።»

ከዚያ መፍቻው ቆመ። ልጅቱ መጥረጊያውን እንደያዘች ደረጃው ሥር ጠበቀች እንጂ አልወጣችም።