ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ክፍል

ወይዘሮ ሻሺቱ የግቢውን በር እንደከፈቱ ትሁትን ክንዷን ይዘው በቀጥታ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰዷት። የመሣሪያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ለማውረድ እንኳ ጊዜ አልሰጧትም። ሰፊውን ሳሎን አለፉ፣ ጠባብ ኮሪደር አለፉ፣ ሁለት ደረጃ ወረዱና ግድግዳው በድንጋይ የተሠራ ክፍል ውስጥ ገቡ። አልጋው ላይ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው በጀርባቸው ተኝተዋል።

"ይኸውልሽ፣ እዚህ ነው" አሉ ወይዘሮ ሻሺቱ። "ዋይፋዩ አልጋው ድረስ ይድረስልኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግን።"

ትሁት ስልኳን አውጥታ የሥራ ትእዛዙን አየች። አምስት ክፍሎች ተዘርዝረዋል፤ አምስቱም ፎቅ ላይ ናቸው።

"እማማ፣ እኔ የታዘዝኩት ለፎቁ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ይሄኛው ክፍል እዚህ ላይ የለም።"

"እንዴት አይኖርም? የላከሽ ልጄ ጌዲዮን አይደል?"

"አዎ፣ እሳቸው ናቸው።"

"እንግዲያው ለአባቱ ነዋ የላከሽ! ትናንት በስልክ ሰው እልካለሁ ብሎኛል። የአባቱን ነገር እየነገርኩት እኮ ነው እንደዚያ ያለኝ።" ወይዘሮ ሻሺቱ ፈገግ አሉ። "ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ተሳስቶ ይሆናል።"

ዝርዝሩን የጻፈችው ትሁት ራሷ ነበረች፤ ጌዲዮን ከሐዋሳ ደውሎ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሲነግራት። "እስቲ መጀመሪያ ሁሉንም ልለካ" ብላ ወጣች።

ትሁት ከደሴ ለትምህርት መጥታ አርባ ምንጭ የቀረች ልጅ ናት። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቀች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሥራ ፈልጋ ፈልጋ በመጨረሻ ሲቀላ ሰፈር ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቀጠራት። የሱቁ ባለቤት አለምሰገድ የቤት ኢንተርኔት ሥራ ሲመጣ የሚልከው እሷን ነው። "አንቺ ዝም ብለሽ ሠርተሽ ትወጫለሽ" ይላታል ሁልጊዜ። "ደንበኛ ደግሞ ወሬ የማያበዛ ባለሙያ ይወዳል።"

ቤቱ ትልቅ ነው። ሴቻ ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ፣ ሐይቁ ቁልቁል በሚታይበት ቦታ፣ በየጊዜው እየተቀጠለ የተሠራ ቤት ነው። ትሁት ስልኳን እያየች ከክፍል ክፍል ዞረች። ሳሎን ውስጥ ብቻ በደንብ ይሠራል። ደረጃው ላይ ይደክማል። ፎቅ ሲደርስ ይቆራረጣል፤ የድንጋዩ ክፍል ውስጥ ጭራሽ የለም።

"ራውተሩ የት ነው ያለው፣ እማማ?"

ወይዘሮ ሻሺቱ አንገታቸው ላይ ካንጠለጠሉት ክር ቁልፍ ፈትተው ቡፌውን ከፈቱ። ራውተሩ ከመስታወቱ ኋላ፣ በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል ተቀምጧል። ላዩ ላይ ዳንቴል ለብሷል።

"አቧራ እንዳይገባበት ነው" አሉ። "የቆለፍኩት ደግሞ እንዳይሰረቅ።"

"መስታወቱና ብረቱ ያፍኑታል።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ታፍኖ ነው የተቀመጠው?" ወይዘሮ ሻሺቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "እኔ እኮ በየቅዳሜው ዳንቴሉን አጥብለታለሁ።"

ትሁት ሳቀች። ራውተሩን አውጥታ ከቡፌው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ካመጣቻቸው ሁለት የዋይፋይ ማሰራጫዎች አንዱን ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ሁለተኛውን የፎቁ ኮሪደር መጨረሻ ላይ፣ ከአምስተኛው ክፍል በር አጠገብ ገጠመች። አምስቱም ክፍሎች ሠሩ። ወርዳ የድንጋዩን ክፍል ስትለካ ግን እንደበፊቱ ነው። ግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ ይወፍራል። ማሰራጫ ውስጡ ካልገባ በቀር አይሆንም።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የምትለውን ሁለት ጊዜ በልቧ ካለችው በኋላ ደወለች።

"አቶ ጌዲዮን፣ ትሁት ነኝ፣ ከሱቁ።"

"እሺ እህቴ፣ አለቀ?"

"የፎቁ አልቋል። አባትዎ ያሉበት ክፍል ግን ዝርዝሩ ላይ የለም። እናትዎ ለዚያ የመጣሁ መስሏቸዋል። ራውተሩን ስላወጣሁት አራቱን ክፍል በአንድ ማሰራጫ ማዳረስ ይቻላል። ሁለተኛውን ወደ ታች ባወርደው..."

"አምስተኛውስ?"

"እሱ ይደክማል። ሌላ ማሰራጫ እስኪመጣ ነው፤ አንድ ሳምንት ቢሆን ነው።"

"አይሆንም። ሰኞ የሚገቡት እንግዶች አምስቱንም ክፍል ለስድስት ወር ይዘዋል። የውኃ ጥናት ባለሙያዎች ናቸው፤ ያለ ኢንተርኔት አንድ ቀን አያድሩም።"

"ለዛሬ ብቻ እንኳ..."

"እህቴ፣ ስሚኝ።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ያ ክፍል ተረስቶ አይደለም። የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ አንቺን አላስገባሽም። ለእናቴ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ አይደርስም በያት። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፤ ካንቺ ከሰማች ታምናለች።"

"ይደርሳል እኮ" አለች ትሁት። ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

"ምን አልሽ?"

"ምንም። እሺ።"

ወደ ድንጋዩ ክፍል የወረደችው ይህንኑ ልትናገር ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ አይደርስም። ወይዘሮ ሻሺቱ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው ሙዝ እየላጡ ነበር። ትሁት ዓይናቸውን ላለማየት አጎነበሰች። ሶኬቱ አጠገብ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጆግ አለ፤ ውስጡ አንድ ጭብጥ ለምለም ሣር ቆሟል። ውኃው መብራቱ ላይ እንዳይፈስ ብላ ልታነሳው እጇን ስትዘረጋ ወይዘሮ ሻሺቱ ሙዙን ጥለው ብድግ አሉ።

"እንዳትደፊው! የዛሬው ሣር ነው!"

"ይቅርታ፣ ከሶኬቱ ላርቀው ብዬ ነው።"

"ጠዋት በጤዛ ነው ያጨድኩት። እንዳይጠወልግ ነው ውኃ ውስጥ ያኖርኩት።" ጆጉን ራሳቸው አንስተው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ቀጥሎም ሳትጠይቃቸው ነገሯት።

የአልጋው ሰው ባለቤታቸው አቶ ዓባይ ናቸው። ገረሴ የሚኖር ሰይፈሥላሴ የሚባል ታናሽ ወንድም አላቸው። የአባታቸውን መሬት አቶ ዓባይ ለብቻቸው ሸጡት፤ በዚያ ገንዘብ በመጀመሪያ ይህ የድንጋይ ክፍል ተሠራ፣ ከዚያ ሳሎኑ፣ ከዚያ ፎቁ። ወንድማማቾቹ ከአንድ ገበታ ከቆረሱ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው።

"በእኛ ዘንድ ጎሜ ነው ይሄ፣ የነውር ዕዳ" አሉ ወይዘሮ ሻሺቱ። "ጥፋትህን ሳትናገር ከቆየህ አብሮህ ቤት ይገባል። ሰይፈሥላሴ ሳይታረቅ ይሄን ደጃፍ አይረግጥም። እሱም ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ከዚህ አልጋ አይነሳም።"

"በስልክ ቢነጋገሩስ?"

"ሽማግሌዎቹ እንቢ አሉ። ድምፅ ብቻ አንቀበልም፣ ፊቱንና የያዘውን የዕርቅ ሣር እንይ አሉ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ገረሴ ዱቡሻው ላይ፣ የሽማግሌ ሸንጎው ቦታ፣ ይሰበሰባሉ። የሰይፈሥላሴ ልጅ ኑሃሚን በዚያ በኩል ስልክ ትይዛለች። እዚህ ግን የስልካችን ዳታ ከዚህ ግድግዳ ውስጥ አይሠራም።"

"ሳሎን ብናወጣቸውስ?"

"ባለፈው እሑድ አራት ሰው በብርድ ልብስ ተሸክሞት በሩ ላይ ራሱን ሳተ። ሐኪሙ ሁለተኛ እንዳታንቀሳቅሱት ብሏል።"

"ሌላ ቀን ቢሆን... አንድ ሳምንት ብቻ ቢጠብቁ..."

"እነሱ ይጠብቁኛል" አሉ አቶ ዓባይ። የተኙ የመሰሏት ሰው ዓይናቸውን ገልጠው ጣራውን ያያሉ። "የማልጠብቃቸው እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ሻሺቱ ባለቤታቸውን በጋሞኛ ተቆጡ። ትሁትም የያዘችው ዓረፍተ ነገር አፏ ውስጥ ቀረ።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች።

"ስድስት ተኩል።"

ቦርሳዋን ከፈተችና ድሪሉን አወጣች። "እማማ፣ አቧራ ይኖራል። ሣሩን ይሸፍኑት።"

ፎቅ ወጥታ ከአምስተኛው ክፍል በር አጠገብ ጠዋት የገጠመችውን ማሰራጫ ፈታች። አራቱ ብሎኖች የነበሩበት ቀዳዳ ግድግዳው ላይ ቀረ። ስትመለስ አቶ ዓባይ ድሪሉን አይተው፣ "መርፌ የምትወጋኝ ነርስ መጣች ብዬ ፈርቼ ነበር" አሉ። "ለካስ ዛሬ ተረኛው ግድግዳው ነው።"

ድንጋዩ በቀላሉ እሺ አላለም። ረጅሙ መብሻ ከዳር እስከ ዳር ስለማይደርስ ግማሹን ከኮሪደሩ በኩል፣ ግማሹን ከውስጥ በኩል በሳችው። ቀዳዳዎቹ አልተገጣጠሙም፤ ደግማ በሳች። አቧራው ሻሿን ሸፈነው። ከስምንት ሰዓት በኋላ ኬብሉ አለፈ። ማሰራጫውን ከአልጋው ራስጌ ሰቅላ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ቆማ ጠበቀች። አረንጓዴ ሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ ሻሺቱ ስልኩን ለትሁት አስያዟት። በመጀመሪያ ሰማይ ታየ፤ ቀጥሎ የኑሃሚን አውራ ጣት፤ ቀጥሎ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች። ከመካከላቸው አንዱ ልክ እንደ አቶ ዓባይ ያለ አፍንጫ አለው። ወደ ስልኩ አያይም።

አቶ ዓባይ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ከደረታቸው በላይ አነሱ። ውኃው ከሥሩ ወደ ክንዳቸው ወረደ። በጋሞኛ መናገር ጀመሩ። ትሁት ቋንቋውን አታውቅም። የምታውቀው ክንዳቸው መዛሉንና ሣሩን ግን አለማውረዳቸውን ነው።

"ምን አሉ?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

"ሳልጠይቅህ ሸጥኩት አለው። ይሄ ቤት የቆመው ባንተ ድርሻ ነው፣ ግማሹ ያንተ ነው አለው።"

ጌዲዮን የቤተሰብ ጉዳይ ያለው ይህን እንደነበር ትሁት ያኔ ገባት፤ ቤቱ እንዳይከፈልበት ነበር ክፍሉን ከዝርዝሩ የተወው።

የሰይፈሥላሴ ፊት እንደተጎነበሰ ደርቆ ቀረ። ምስሉ ቆሞ ነው ወይስ ሰውየው ናቸው ያልተንቀሳቀሱት? ትሁት ማሰራጫውን አየች፤ አረንጓዴ ነው። ከበስተኋላቸው አንድ ሽማግሌ ጋቢውን አስተካከለ። ምስሉ አልቆመም።

ሰይፈሥላሴ ራሳቸውን ቀና አድርገው ተናገሩ። ወይዘሮ ሻሺቱ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጫኑ።

"ቤት መቼ ጠየቅኩህ አለ" አሉ በመጨረሻ። "ጠይቀኸኝ ቢሆን ሽጠው እልህ ነበር አለ። አሥራ አንድ ዓመት ያመመኝ አለመጠየቅህ ነው አለ።"

ሰይፈሥላሴ ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር ሣር ነጩ፤ ወደ ስልኩም አነሱት። ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ አንድ ነገር አሉ። አቶ ዓባይ ክንዳቸውን ቀስ አድርገው ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፉ።

"ሰኞ ይመጣል" አሉ ወይዘሮ ሻሺቱ። "እዚህ ይበላል።"

ትሁት ሳሎን ተቀምጣ የሱቁን የርክክብ ቅጽ ሞላች። ከአንድ እስከ አራት ባሉት ክፍሎች አንጻር "ይሠራል" ብላ ጻፈች። ከአምስተኛው አንጻር "ሲግናሉ ደካማ ነው፤ ተጨማሪ ማሰራጫ ያስፈልገዋል" አለች። የቅጹ መስመር እዚያ ላይ ያበቃል። ከሥሩ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨመረችና እንዲህ ጻፈች፦ "ስድስት፣ የአቶ ዓባይ ክፍል። ግድግዳው ድንጋይ ነው። ይደርሳል።"

ፈረመችበት፣ ፎቶ አነሳችውና ለጌዲዮን ላከችው። ወይዘሮ ሻሺቱ የተረፈውን ሙዝ በፌስታል ሰጥተው እስከ በሩ ሸኟት። ባጃጅ እየጠበቀች ሳለ ስልኳ ጠራ፤ ጌዲዮን ነበር። ፌስታሉን መሬት አስቀምጣ ስልኩን አነሳች።