የዘገየው እሳት

ሐመልማል የማስነሻውን ሳጥን ቁልፍ ስታዞር ቀይዋ መብራት በራች። ጦና ከአጠገቧ ቆሞ ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ጀመረ፤ ከገመዱ ጀርባ የቆመው ሕዝብም አብሮት ቆጠረ። "ዜሮ!" ሲሉ ማስነሻውን ተጫነች።

ምንም አልሆነም።

ደግማ ተጫነችው። ሜዳው መሀል አቅጣጫውን ከሚይዝለት የብረት ሐዲድ ጋር ቀጥ ብሎ የቆመው ነጭ ሮኬት ንቅንቅ አላለም። ቁልፉን ነቅላ በመዳፏ ጨበጠች፤ ሽቦውንም ከባትሪው ለየች።

ሁለቱም ሶዶ ውስጥ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ያስተምራሉ፤ እሱ ብረታ ብረት፣ እሷ ኤሌክትሪክ። ሮኬቱን የሠሩት ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው። ቁመቱ ከጦና ይበልጣል። ክንፎቹን እሱ ከአሉሚኒየም ቆርጦ አበጃቸው፣ ሽቦውን እሷ ዘረጋች። ከዚህ በፊት የሠሩት ሞተር ከኮሌጁ ጀርባ ሲሞከር ፈንድቶ ነበር። ሰው ባይጎዳም የወርክሾፑ መስታወት እንዳለ ረገፈ። ከዚያ ወዲህ ጦና በደረሰበት ሁሉ "ጨረቃ እንዴት ነች?" ይሉታል። እሱም ይስቃል። ሲስቅ ግን መንጋጋው እንደሚጠብቅ የምታውቀው ሐመልማል ብቻ ነበረች።

ከዲምቱ ከተማ በታች ያለውን ይህን ሜዳ ለማስፈቀድ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንተዋል። የደህንነት ኃላፊነቱን ለእሷ የሰጣት ራሱ ጦና ነው። "እኔ ችኩል ነኝ፤ አንቺ ትይዢኛለሽ" ብሏት ነበር። ሕጉንም አብረው ነው ያወጡት፤ እሳቱ አልያዝ ካለ እሷ "ግቡ" እስክትል ድረስ ማንም ገመዱን አያልፍም።

"ማቀጣጠያው ነው" አለ ጦና። "ቀይሬው ልምጣ።"

"አይሆንም። እንጠብቃለን።"

"ምኑን ነው የምንጠብቀው? ሞቷል እኮ!"

"መሞቱን በምን አወቅህ? ውስጥ ለውስጥ እየጋየ ቢሆንስ?"

ከሕዝቡ መሀል አንዱ "ጨረቃ ዛሬ ዝግ ነች!" ብሎ ጮኸ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተያያዘ። ጦና ወደ ኋላ አልዞረም፤ ጆሮው ግን ሲቀላ ሐመልማል አየችው።

ሙከራውን ለማየት ከተጋበዙት እንግዶች ጋር የመጡት የኮሌጁ ምክትል ዲን አቶ ሻንቆ ሰዓታቸውን እያዩ ቀረቡ። "ምነው፣ ምን ተፈጠረ? እንግዶቹ እኮ ቤሌ ከተማ ሌላ ፕሮግራም አላቸው።"

"ትንሽ ይታገሡን፣ አቶ ሻንቆ።"

"ሐመልማል፣ የሠራው እሱ ነው፤ እሱ ያውቃል። ልቀቂው፣ ይሂድና ያስተካክል።"

"እርስዎም ከገመዱ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ" አለቻቸው። አቶ ሻንቆ በሰው ፊት እንዲህ መባሉን አልወደዱትም። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ቢሆንም ወደ ኋላ አሉ።

ነፋሱ እየበረታ ነበር። የታጨደው የበቆሎ ማሳ አቧራ እየተነሳ ሮኬቱን ሸፈን ገለጥ ያደርገዋል። ጦና ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

"ሐሙ፣ ነፋሱ ከዚህ ከጨመረ ጥበቃ ላይ ያሉት ፖሊሶች ያስቆሙናል። ሁለተኛ ፈቃድ ማን ይሰጠናል? ነይ እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ይሰጠናል?"

ሐመልማልን የሚከነክናት ግን ሌላ ነገር ነበር። ሽቦውን ጠዋት ያገናኘችው ራሷ ናት። ጥፋቱ የእሷ ቢሆንስ? ሁሉም እያያት ይህንኑ የሚያስብ መሰላት። ሮኬቱን አተኩራ አየችው፤ ጭስም፣ ድምፅም የለም። እውነትም የሞተ ይመስላል።

"እንጠብቃለን" አለች እንደገና፤ ድምጿ ግን እንደ መጀመሪያው አልጠነከረም።

ጦና ጎንበስ ብሎ በገመዱ ስር ሾለከ።

"ያዙት!" አለች አጠገቧ ለቆመው ፖሊስ። ፖሊሱ አንዴ እሷን፣ አንዴ አቶ ሻንቆን አየ። ምክትል ዲኑ ዝም ሲሉ እሱም ባለበት ቀረ።

ጦና በረጅም እርምጃ ወደ ሐዲዱ እየገሰገሰ ነበር። ሐመልማል አንድ እግሯን አንስታ ልትከተለው አለችና ተወችው። ሕዝቡ እሱ ሲገባ አይቶ ገመዱን መግፋት ጀምሯል። እሷም ከገባች ሁሉም ይገባል። ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ሁለት እጇን ዘረጋች። "ማንም እንዳይገባ! ወደ ኋላ!"

ከዚያ ዞራ ተጣራች። "ጦና!"

ሳይዞር እጁን አወዛወዘላት።

"ጦና፣ ተመለስ!"

አሁን ከመንገዱ ግማሹን አልፏል። ሐመልማል ትንፋሿን ሰብስባ፣ አንድም ቀን ጠርታው በማታውቀው ስም ጮኸች።

"የናዲያ አባት!"

ቆመ። እንዲህ የምትለው ሚስቱ ብቻ ናት። ናዲያ ገና አፏን እየፈታች ያለች ልጁ ነች። ጦና በንዴት ዞረ።

"ልጄን ምን አመጣት እዚህ?"

ከጀርባው፣ ከሮኬቱ ግርጌ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ሲወጣ ሐመልማል አየች። እሱ ፊቱ ወደ እሷ ስለሆነ አላየውም።

"ተኛ!"

ምን እንዳየች አልጠየቃትም። ፊቷን አይቶ መሬት ላይ ተዘረጋ።

ድምፁ ሜዳውን ሰነጠቀው። እሳቱ መሬቱን ገርፎ ሮኬቱን ወደ ላይ ወረወረው፤ አቧራና ጭስ ተነስቶ ሐዲዱንም ጦናንም ዋጣቸው። ሕዝቡ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ሐመልማል ቀና አላለችም። ዓይኗ አቧራው ላይ ነበር።

ልትሮጥ ፈለገች። ነገር ግን ሮኬቱ ገና ሰማይ ላይ ነው፤ ማረፊያ ጃንጥላው ካልተከፈተ ተመልሶ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። አቧራው ሲገለጥ ጦና በሆዱ ተኝቶ ታየ። አይንቀሳቀስም። "ተነስ" አለች ለራሷ፣ "ተነስ እንጂ።"

"ተከፈተ! ተከፈተ!" የሚል ጩኸት ከሕዝቡ ተነሳ። ብርቱካናማው ጃንጥላ ከሜዳው ርቆ ወደ ምሥራቅ እየተንሳፈፈ ነበር። ያን ጊዜ በገመዱ ስር ሾልካ ሮጠች።

ጦና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ ጀርባው በሙሉ አፈር ለብሷል። ትከሻውን ስትነካው ቀና አለ።

"ወጣ?" አላት፣ ጆሮው ስለደነቆረ እየጮኸ።

በቡጢ ትከሻውን መታችው። "ወጣ" አለችና እንባዋ መጣ።

ጦና ተነስቶ ተቀመጠ። የጠቆረውን ሐዲድ አየ፤ ከዚያ እሱ የተኛበትን ቦታ አየ። የቀረውን መንገድ ቢጨርሰው ኖሮ እጁ የት፣ ፊቱ የት ይሆን እንደነበር ሲገባው ፊቱን በእጁ ዳበሰ።

አቶ ሻንቆ እንግዶቹን አስከትለው እያጨበጨቡ ደረሱ። "እንኳን ደስ ያለህ መምህር! ብዬ ነበር እኮ፣ ያውቃል ብዬ ነበር!"

"አላወቅኩም" አለ ጦና።

"እንዴት?"

"ያወቀችው እሷ ናት። እኔ በማን አለብኝነት ገባሁ። እሷ ባትጠራኝ ኖሮ ዛሬ ሬሳዬን ነበር ሶዶ የምትወስዱት።" ይህን የተናገረው እንግዶቹም ፖሊሱም እንዲሰሙት አድርጎ ነው። አቶ ሻንቆ ማጨብጨባቸውን ተዉት፤ ወደ ሐመልማልም ማየት ከበዳቸው።

ሮኬቱን ያገኙት ከአንድ ገደል ማዶ፣ ከግራር ሥር ነው። ሮኬቱ ያረፈበት ማሳ ባለቤት አቶ ዳልጮ ዱላቸውን ተመርኩዘው ራቅ ብለው ይጠብቁታል።

"ሳሮ" ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ሰጧቸው፣ ከዚያ በአማርኛ "ሰው አለበት?" አሉ።

"የለበትም፣ አባባ" አለች ሐመልማል።

"ተመስገን" አሉና ቀረቡ።

አንዱ ክንፍ ተጣሟል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሐመልማል ከፍታ መለኪያውን አወጣች። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወጥቷል። ለጦና አሳየችው። አይቶ መልሶ ሰጣት።

ወደ ሶዶ ሲመለሱ ሮኬቱን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የከተማው ቤቶች ሲታዩ ጦና ስልኩን አወጣ።

"ለናዲያ እናት አንቺ ንገሪልኝ" አላት።

"እኔ አልነግራትም። ራስህ ንገራት።"

ስልኩን እያገላበጠ ቆየና ደወለ።

"ሄሎ... አዎ ወጣ፣ በደንብ ወጣ" አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ቆይ ግን፣ መጀመሪያ ደህና መሆኔን ልንገርሽ። ከሰው ከመስማትሽ በፊት የምነግርሽ ነገር አለ።"